ብርሃን ይዞት የሚመለሰው ወሬ

ለመንገድ ሥራ የመጣ ኤክስካቫተር መሬት ውስጥ የተቀበረ የፋይበር ገመድ ሲበጥስ፣ የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ኢንተርኔቱ መጥፋቱን ነው። የቴሌኮም ቴክኒሻኑ ግን የተበጠሰውን ቦታ ለማግኘት መስመሩን እየተከተለ በእግሩ አይንከራተትም። ጣቢያው ውስጥ እንደተቀመጠ ኦቲዲአር የሚባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከፋይበሩ ጫፍ ጋር ያገናኛል፤ ቁልፉን ይጫናል፤ ጥቂት ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ መስመር ይወጣል። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ብልሽቱ እዚያ ነው፤ ከጣቢያው ስንት ኪሎ ሜትር ከስንት ሜትር እንደሚርቅም ቁጥሩ ከሥሩ ተጽፏል።

መሣሪያው ይህን የሚያውቀው በገደል ማሚቶ ዘዴ ነው። ገደል ፊት ለፊት ቆሞ የጮኸ ሰው፣ ድምፁ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ቢቆጥር የገደሉን ርቀት ማስላት ይችላል። ኦቲዲአሩ በጩኸት ፋንታ እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ይልካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት 10 ማይክሮ ሰኮንድ፣ ማለትም የሰኮንድ መቶ ሺህኛ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ያ ሁሉ መስመር የታየው፣ ከተበጠሰው ቦታ ብቻ ሳይሆን ደህና ከሆነው ከእያንዳንዱ ሜትርም ብርሃን ስለተመለሰ ነው። የቀለጠ መስታወት ሲረጋ ሞለኪውሎቹ ወጥ ሆነው አይደረደሩም፤ እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ላላ ብለው እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ። በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ከዚህ ዝብርቅርቅ ጋር እየተጋጨ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ከተበተነውም ጥቂቱ ወደመጣበት ይመለሳል። ከአንድ ሜትር ፋይበር የሚመለሰው ከተላከው ብርሃን የአሥር ሚሊዮን እጅ አንዱ ቢሆን ነው። በርዝመታቸው ሁሉ ሙቀት የሚለኩ ፋይበሮች ሥራ የሚጀምረው ከዚህች ቅንጣት ነው።

ለመገናኛ መሐንዲሶች ይህ መበተን ኪሳራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም፣ እንግሊዝ አገር ሃርሎ ከተማ በሚገኝ የቴሌኮም ቤተ ሙከራ ሆነው፣ መስታወት በበቂ ሁኔታ ከጠራ የስልክ ንግግርን በብርሃን ማስተላለፍ እንደሚቻል ጻፉ። መስፈርታቸው፣ ብርሃኑ አንድ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ቢያንስ ከመቶ አንዱ መትረፍ አለበት የሚል ነበር። ዛሬ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ በዘመኑ የነበረው መስታወት ግን ከዚያ እጅግ የራቀ ነበር። በ1970 ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ የመስታወት ኩባንያ የሚሠሩት ሮበርት ሞረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ መስፈርቱን አለፉት። የዛሬው ተራ የቴሌኮም ፋይበር 15 ኪሎ ሜትር ተጉዞም ግማሹን ያህል ብርሃን ይዞ ይደርሳል። ካኦም በ2009 ለፊዚክስ ኖቤል በቁ።

እነዚህ መሐንዲሶች ብርሃን እንዳይባክን፣ ገመዱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲጎብጥና ሲጨመቅ መልእክቱ እንዳይዛባ ሲታገሉ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በጎን ያንኑ ችግር በተቃራኒው ማየት ጀመሩ። ፋይበሩ ሙቀት የሚሰማው ከሆነ፣ የሙቀቱን መጠን ሊነግረን ይችላል ማለት ነው። ጭነት የሚሰማው ከሆነም ጭነቱን። በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ካሉት የፋይበር ሴንሰሮች አብዛኞቹ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ መሐንዲስ ሊያስወግደው የደከመበትን ጉድለት ሌላው መለኪያ አደረገው።

በሙቀት በኩል መንገዱን የጠረገው አንድ የህንድ ሊቅ ነው። ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን በ1921 ከአውሮፓ ወደ አገራቸው በመርከብ ሲመለሱ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት ከየት እንደመጣ ማሰላሰል ያዙ። ጥያቄው ለዓመታት ከብርሃን መበተን ጋር አቆራኛቸውና በ1928 ካልካታ ላይ፣ ከሚበተነው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ቀይሮ እንደሚወጣ አረጋገጡ። ሞለኪውሎች ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። በመካከላቸው የሚያልፍ ብርሃን አንዳንዴ ከጉልበቱ ቆርሶ ለሞለኪውሉ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል። አንዳንዴ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ካለ ሞለኪውል ጉልበት ይቀበላል፤ ያን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህ ሁለተኛው የሚሆነው አስቀድሞ የሚንቀጠቀጥ ሞለኪውል ሲገኝ ብቻ ነው። መስታወቱ በሞቀ ቁጥር የሚንቀጠቀጡት ይበዛሉ፤ ጉልበት ተቀብሎ የሚመለሰው ብርሃንም ይበዛል። የሁለቱን መጠን ያነጻጸረ ሰው የመስታወቱን ሙቀት አወቀ ማለት ነው። ራማን በ1930 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው፤ በባሕር ላይ የተነሳ ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ የከርሰ ምድር ገመድ ቴርሞሜትር እንደሚሆን ግን ያኔ ማንም አልገመተም።

በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አርተር ሃርቶግ፣ ከእሳቸውም ቀጥሎ በ1985 ጆን ዳኪንና ባልደረቦቻቸው የብርሃን መበተንን ከኦቲዲአር ዘዴ ጋር አጋቡት። የብልጭታው ርዝመት 10 ናኖ ሰኮንድ ከሆነ የሚመለሰውን ብርሃን በአንድ አንድ ሜትር ከፋፍሎ ማንበብ ይቻላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ሜትር እንደመጣ የመድረሻው ጊዜ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሞቀ ደግሞ ቀለሙ ይናገራል። በዚህ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ፋይበር 10,000 ቴርሞሜትሮችን ይተካል፤ በመካከሉ ባትሪም፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃም፣ መገጣጠሚያም የለውም። ችግሩ የራማን ብርሃን ከተራው መበተን እንኳ ሺህ ጊዜ ያህል የደከመ መሆኑ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ብልጭታውን ሺህ ጊዜ እየደጋገመ ይልክና አማካዩን ይወስዳል። አስተማማኝ ቁጥር ለማግኘት ከሰኮንዶች እስከ ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል። ለፈንጂ ፍንዳታ የማይሆን ፍጥነት ነው፤ ለምድር፣ ለውኃና ለኮንክሪት ግን ይበቃል።

የዚህ ዓይነት መለኪያ ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ኒው ዚላንድን ማንሳት ይቻላል። የኦክላንድ ከተማ መሃል የንግድ ሰፈር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በአራት የከርሰ ምድር ባለ 110 ኪሎ ቮልት ገመዶች ነበር። በ1998 መጀመሪያ፣ በዚያ አገር በጋ፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ አራቱም ተራ በተራ ተበላሹ። ሁለቱ ሲወድቁ ጭነቱ በቀሩት ላይ ተከመረ፤ የቀሩትም አልቻሉትም። ሱቁ፣ ቢሮው፣ ሆቴሉ ለአምስት ሳምንታት ያህል በጄኔሬተርና በጊዜያዊ መስመር ሲንገታገት ቆየ።

የተቀበረ ገመድ ምን ያህል ኤሌክትሪክ መሸከም እንደሚችል የሚወስነው በዋናነት ሙቀቱ ነው። ኤሌክትሪኩ መዳቡን ያሞቃል፤ ሙቀቱ በፕላስቲክ ሽፋኑ በኩል ወደ አፈሩ ይወጣል። በዘመናዊ ገመዶች ላይ መዳቡ ያለማቋረጥ ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲሞቅ አይፈቀድም፤ ካለፈ ሽፋኑ ያረጃል። ሆኖም ገመዱ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ አፈሩ አንድ ዓይነት አይደለም። እርጥብ አፈር ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፤ የደረቀ አፈር አፍኖ ይይዛል። አንድ ቦታ ላይ ሌላ ገመድ ያቋርጠዋል፤ ሌላ ቦታ የግንባታ ፍርስራሽ ተሞልቶበታል። ከ10 ኪሎ ሜትር መስመር ውስጥ የሚያሰጋው ምናልባት ሃያ ሜትር ብቻ ቢሆን ነው፤ ገመዱ የሚበላሸውም እዚያው ሃያ ሜትር ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ቴርሞሜትር እነዚያን ሃያ ሜትሮች የሚያገኛቸው በዕድል ነው። ከገመዱ ጋር አብሮ የተቀበረ ፋይበር ግን ያለ ዕድል ያገኛቸዋል። ስለዚህ በብዙ ከተሞች አዲስ የሚቀበሩ የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ፋይበር ይዘው ይወጣሉ፤ ተቆጣጣሪውም እንደየሰዓቱ ሙቀት ጭነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ኮንክሪትም እንዲሁ ከውስጥ የሚሞቅ ነገር ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያመነጫል፤ ግንቡ ወፍራም ከሆነ መሃሉ ሞቆ፣ ውጩ ቀዝቅዞ ይሰነጠቃል። በስዊዘርላንድ ቲቺኖ የሚገኘው የሉዞኔ ግድብ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ208 ሜትር ወደ 225 ሜትር ከፍ ሲደረግ፣ ሉክ ቴቬናዝና የሎዛን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ሦስት ሜትር ውፍረት ባለው የኮንክሪት ንጣፍ ውስጥ ፋይበር እያጠማዘዙ ቀበሩ። የተጠቀሙበት ራማንን ሳይሆን ብሪሉዊን የተባለውን የመበተን ዓይነት ነው፤ ፈረንሳዊው ሊዮን ብሪሉዊን በ1922 የተነበየው፣ በመስታወቱ ውስጥ ከሚመላለሱ ረቂቅ የድምፅ ሞገዶች ጋር ተጋጭቶ የሚመለስ ብርሃን ነው። የንጣፉ መሃል 50 ዲግሪ ገደማ ደረሰ፤ ለመቀዝቀዝም ሳምንታት ፈጀ። ከላይ የሚረግጠው ሠራተኛ የሚያየው ደርቆ የጠነከረ ኮንክሪት ነው፤ በውስጡ ያለውን ትኩሳት ያየው ፋይበሩ ብቻ ነበር።

ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የፈሰሰበትን የሕዳሴ ግድብ ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ይህ የሙቀት ጉዳይ ለግድብ ሠሪዎች ምን ያህል የዕለት ተዕለት ጭንቀት እንደሆነ መገመት አያዳግተውም። የአፈር ግድቦች ደግሞ ሌላ ጭንቀት አላቸው፦ ስርገት። እንደ ቆጋና እንደ ርብ ባለ የአፈር ግድብ ሆድ ውስጥ ውኃ መንገድ ካበጀ አፈሩን ቀስ በቀስ እየጠረገ ይወስዳል፤ ከውጭ ሲታይ ጊዜው ያለፈ ሊሆን ይችላል። በስዊድንና በጀርመን ግድቦች ላይ የተሠራበት መፍትሔ ቀላል ነው። የሐይቁ ውኃ ከወቅት ወደ ወቅት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። የግድቡ እምብርት ግን ያን ያህል አይለዋወጥም። በእግሩ ሥር በተዘረጋው ፋይበር ላይ የሐይቁን ወቅት ተከትሎ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ቦታ ከታየ፣ ውኃው በዚያ በኩል እየሰረገ ነው ማለት ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ርዝመት ነበር። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ፣ ግን በፍጥነትና በጥራት መለካት ሲያስፈልግ ሌላ ዘዴ አለ፤ እሱም የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1978 ካናዳ ኦታዋ በሚገኝ የመንግሥት የመገናኛ ምርምር ማዕከል ኬኔዝ ሂልና ባልደረቦቻቸው ጠንካራ የአርጎን ሌዘር ብርሃን ወደ አንድ ፋይበር እየላኩ ነበር። ደቂቃዎች ባለፉ ቁጥር ወደ ማዶ የሚያልፈው ብርሃን እየቀነሰ፣ ወደ ኋላ የሚንጸባረቀው እየጨመረ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ፋይበሩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለው ነበር። እነሱ ግን ነገሩን ተከታትለው ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ጥልፍ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ረቂቅ መስመሮችን ቀርጾ እንደተወ ደረሱበት። በ1989 ደግሞ ጄራልድ ሜልትዝና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ እነዚህን መስመሮች ከጎን በአልትራቫዮሌት ብርሃን፣ በተፈለገው ርቀት መቅረጽ የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጣ።

እነዚህ ቅርጾች በብራግ ስም ይጠራሉ፤ አባትና ልጅ ዊሊያም ሄንሪና ዊሊያም ሎረንስ ብራግ በ1915 በአንድነት ኖቤል ያገኙበት ሕግ ስለሚገዛቸው ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ፋይበር ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉ መስመሮች ይሰፍራሉ። ሁሉም ተባብረው የሚያንጸባርቁት አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንዳልነበሩ ያልፋቸዋል። ፋይበሩ ሲሞቅ ወይም ሲለጠጥ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀትና የመስታወቱ ጠባይ ይለወጣል፤ የሚንጸባረቀውም ብርሃን በዚያው ልክ ይሸሻል። በቴሌኮም በተለመደው የሞገድ ርዝመት ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሸሸው 10 ፒኮ ሜትር ያህል ነው፤ ፒኮ ሜትር የናኖ ሜትር ሺህኛ ነው። ይህን ማንበብ የሚችሉ መሣሪያዎች ዛሬ በገበያ አሉ።

የዚህ ሙያ እውነተኛ ፈተና የሚመጣው ግን እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ የሚሰማውን አይመርጥም። ሙቀትም፣ መለጠጥም፣ ግፊትም አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጡታል፤ የትኛው ምን ያህል እንዳደረገ መለየት የሰው ፈንታ ነው። ለሙቀትና ለመለጠጥ የተለመደው መላ፣ ከታሰረው ፋይበር ጎን ሌላ ፋይበር ቱቦ ውስጥ ላላ አድርጎ ማኖር ነው፤ የላላው ሙቀቱን ብቻ ይናገራል፣ የታሰረው ሁለቱን፣ ልዩነቱ መለጠጡ ይሆናል። ግፊት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል። 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በባዶ ፋይበር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የብራጉን ብርሃን የሚያሸሸው በ3 ፒኮ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ ዲግሪ ሙቀት ሲሶ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ከባድ ግፊት በዚህ መለኪያ ላይ ከጠዋት ንፋስ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ግፊት ለመለካት ፋይበሩን ራሱን መጠቀም ብዙም አያዋጣም፤ ጫፉ ላይ ለግፊት የሚታጠፍ ነገር መግጠም ያስፈልጋል።

ያ ነገር በጣም ውብ በሆነ መልኩ የሚታየው በልብ ሕክምና ነው። ልብን የሚመግቡ የደም ቧንቧዎች ሲጠቡ፣ ሐኪሙ በኤክስሬይ ምስል ላይ ጥበቱን ያያል፤ ጥበቱ የልብን ጡንቻ ደም እያሳጣው መሆን አለመሆኑን ግን ምስሉ ብቻውን አይነግረውም። ኔዘርላንዳዊው ኒኮ ፓይልስና ቤልጂየማዊው በርናርድ ደ ብራይን በ1990ዎቹ ያስፋፉት ዘዴ ግፊትን መጠየቅ ነው። ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት የገባ ቀጭን ሽቦ እስከ ልብ ድረስ ይዘልቃል፤ ጥበቱን አልፎ ከማዶው ያለውን የደም ግፊት ይለካል። ሌላኛው መለኪያ ከጥበቱ በፊት፣ ከዋናው ደም ቅዳ ያለውን ይለካል። ደም በደንብ እንዲፈስ የሚያደርግ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ የማዶው ግፊት ከፊተኛው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ጎጂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ይበቃዋል።

በ2009 ውጤቱ የታተመው ፌም የተባለው ጥናት 1,005 ሕሙማንን ተከታትሏል። በምስል ብቻ ለታከሙት በአማካይ 2.7 ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ) ሲገባላቸው፣ በግፊት መለኪያ ለታከሙት 1.9 ገባላቸው። በዓመቱ ውስጥ ሞት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ድጋሚ ሕክምና የገጠማቸው ከመጀመሪያዎቹ 18.3 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 13.2 በመቶ ነበሩ። ባነሰ ብረት የተሻለ ጤና ተገኘ ማለት ነው።

በዚያ ጥናት የተሠራባቸው ሽቦዎች የኤሌክትሪክ ሴንሰር የያዙ ነበሩ፤ እነሱም ድክመት አላቸው። ንባባቸው በሥራ መሃል ቀስ እያለ ሊንሸራተት ይችላል። ከጥበቱ በፊት ያለው ግፊት 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ከማዶ ያለው 82 ቢሆን ስቴንት አያስፈልግም። ሴንሰሩ በ4 ብቻ ተንሸራትቶ 78 ካለ ግን ሰውየው ስቴንት ይገባለታል። ወደ ብርሃን የተደረገው ሽግግር ዋና ምክንያቱ ይህ ነው። የሽቦው ውፍረት 0.36 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ ፋይበር ያልፋል። በፋይበሩ ጫፍ ላይ ከፊት ለፊቱ በትንሽ ክፍተት የራቀ ስስ ገለፈት ተጣብቋል። ከፋይበሩ የሚወጣው ብርሃን ጥቂቱ ከመስታወቱ ጫፍ፣ ጥቂቱ ከገለፈቱ ይንጸባረቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሠሩት የብርሃንና የጥላ ዝንጉርጉር በክፍተቱ ስፋት ይወሰናል። ልብ ስትመታ ደሙ ገለፈቱን ይገፋል፤ ክፍተቱ በናኖ ሜትር ይጠባል፤ ዝንጉርጉሩ ይንቀሳቀሳል። ይህን ዘዴ ሻርል ፋብሪና አልፍሬድ ፔሮ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1899 ማርሴይ ላይ ያበጁት ለሌላ ጉዳይ፣ የብርሃንን ቀለማት አጥርቶ ለመለየት ነበር።

ልብን ለማገዝ በዋናው ደም ቅዳ ውስጥ እየተነፋ በሚሟሽሽ ፊኛም ላይ ተመሳሳይ ሴንሰር ይገጠማል፤ ፊኛው ከልብ ምት ጋር ተስማምቶ እንዲሠራ ግፊቱን ወዲያው ማወቅ አለበት። በኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። እዚያ የብረት ሽቦ ከማግኔቱና ከሬዲዮ ሞገዱ የተነሳ ሊሞቅና በሽተኛውን ሊያቃጥል ይችላል፤ መስታወት ግን ማግኔት አይስበውም፣ ኤሌክትሪክም አይተላለፍበትም።

በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ውስጥም ፋይበር የተመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በመቶ ሺህ ቮልቶች በሚሠራ የመዳብ ጥቅል መሃል የብረት ቴርሞሜትር ማስገባት ራሱ ሾርት ሰርኪት መጋበዝ ነው። ለአሥርተ ዓመታት መሐንዲሶች የዘይቱን ሙቀት ለክተው የጥቅሉን ይገምቱ ነበር። ግምቱ በስድስት ዲግሪ ቢሳሳት ቀላል አይደለም፤ ጥቅሉን የሚሸፍነው ወረቀት የሚያረጅበት ፍጥነት በየስድስት ዲግሪው በእጥፍ እንደሚጨምር የዘርፉ ዓለም አቀፍ መስፈርት ያስቀምጣል። አሁን ጫፉ ላይ የሚያበራ ቅመም የተቀባ ፋይበር በጣም ከሚሞቀው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ብርሃን ተልኮለት ሲቋረጥ ቅመሙ ለቅጽበት ያበራና ይከስማል፤ በሞቀ ቁጥር ቶሎ ይከስማል። የሚለካው የመክሰሚያው ጊዜ ነው።

ሙቀቱ ከዚያም ሲያልፍ መስታወቱ ራሱ መፈተን ይጀምራል። በካናዳ አልበርታ ድፍድፍ ዘይቱ እንደ ሬንጅ የወፈረ ስለሆነ ከ200 ዲግሪ በላይ የሞቀ እንፋሎት ወደ መሬት ይገባለታል፤ እንፋሎቱ የት እንደደረሰ የሚነግረው በአግድም ጉድጓዱ ውስጥ የተዘረጋው ፋይበር ነው። ተራ ፋይበርን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ግን ከ85 ዲግሪ በላይ አይቆይም። ፖሊኢማይድ የሚባለው ሽፋን እስከ 300 ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ወርቅ የሚቀባበት ጊዜ አለ። ከሙቀቱ የባሰው ጠላት ሃይድሮጂን ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ሃይድሮጂን እጅግ ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ መስታወቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ያጨልመዋል። የራማን መለኪያ የሚያነጻጽራቸው ሁለት ቀለማት እኩል ስለማይጨልሙ፣ ፋይበሩ ፈጽሞ ከመታወሩ በፊት ውሸት ይናገራል፤ መሐንዲሶችን የሚያስጨንቃቸው ከመታወሩ ይልቅ ይህ ነው። መድኃኒቱ ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የሲሊካ መስታወት፣ የካርቦን ሽፋን፣ እንዲሁም ፋይበሩን አጥፎ ከሁለቱም ጫፍ ማንበብ ነው። እንደ አሉቶ ባሉ ከ300 ዲግሪ በላይ በሚሞቁ የስምጥ ሸለቆ የእንፋሎት ጉድጓዶች ተራ ኤሌክትሮኒክስ ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ፣ አይስላንድ ውስጥ ከጉድጓድ ግድግዳ ሲሚንቶ ጋር የተቀበሩት ፋይበሮች ያሳለፉት ልምድ ለኢትዮጵያ የጂኦተርማል ባለሙያዎች በቅርብ ሊከታተሉት የሚገባ ነው።

በቀዝቃዛው በኩል ደግሞ በ2019 በግሪንላንድ ስቶር በተባለው የበረዶ ግግር ላይ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በሙቅ ውኃ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ፋይበር አወረዱበት። ጉድጓዱ ተመልሶ ሲበርድ ፋይበሩ በውስጡ ቀረ። ቀድሞ በየመቶ ሜትሩ በተንጠለጠሉ ቴርሞሜትሮች የማይታየው ታየ፦ የበረዶው ሙቀት ወጥ አልነበረም፤ ከሥሩ ለመቅለጥ የደረሰ ሞቃት ንብርብር ተኝቷል። በረዶው ወደ ባሕር የሚንሸራተትበትን ፍጥነት የሚያሰሉ ሰዎች አሁን ይህን ማስገባት አለባቸው።

ዋጋውን በተመለከተ ሚዛኑ ያጋደለ ነው። ፋይበሩ ራሱ ርካሽ ነው፤ ጫፉ ላይ ተቀምጦ የሚያነበው መሣሪያ ግን በአሥር ሺዎች ዶላር ይገዛል። አንድ መሣሪያ በርካታ ፋይበሮችን በፈረቃ ማንበብ ስለሚችል፣ ለረጅም የኃይል መስመር፣ ለግድብ ወይም ለቧንቧ ያዋጣል፤ ለአንዲት ክፍል ሙቀት ፈጽሞ አያዋጣም። በኢትዮጵያ በከፍተኛ ቮልቴጅ ማማዎች አናት ላይ በተዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፋይበር ዛሬ የሚያገለግለው ለመገናኛ ነው። ፋይበሩን የሚጠግኑት እጆችም አሉ፤ ልጣጩን ገፍፈው፣ መስታወቱን በአልኮል ጠርገው፣ በአልማዝ ቢላ ቆርጠው በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጠው የሚያጋጥሙ (ስፕላይስ የሚያደርጉ) ወጣት ቴክኒሻኖች በየክልሉ ይገኛሉ።

እነዚህ ወጣቶች ወደ መለካት ሥራ ቢሻገሩ አዲስ የሚሆንባቸው ነገር ብዙ አይደለም። አዲሱ ነገር ጥንቃቄው ነው፤ ለቴሌኮም ሥራ ችላ የሚባል የስፕላይስ ብክነት፣ በሙቀት መለኪያ ላይ የሌለ ሙቀት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በመስክ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከፋይበሩ መጀመሪያና መጨረሻ ጥቅልል ይተዋሉ፤ አንዱን ጥቅልል በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ሣጥን፣ ሌላውን በሞቀ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። በሣጥኖቹ ውስጥ የታመነ ቴርሞሜትር ይቀመጣል። መሣሪያው የበረዶውን ጥቅልል ዜሮ ዲግሪ ብሎ ካላነበበው፣ በመካከል ስላሉት ኪሎ ሜትሮች የሚሰጠው ቁጥር ሁሉ በዚያው ልክ ይታረማል።